ጭነቱን ከባህር የሚያወጣው ሰው

የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ደረሰ ሲባል መጀመሪያ የሚደውለው ለትራንዚተሩ ነው። ቀጥሎ ለባንኩ ይደውላል። ከዚያ ከሞጆ ወይም ከእንዶዴ ዕቃውን የሚያነሣለትን መኪና ለሚያገናኘው ደላላ ይደውላል። ዕቃው ዘገየ ሲባል ደግሞ ሁሉንም እንደገና ይደውልላቸዋል፤ ከአንዱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ሌላውን ይለማመጣል። በዚህ ሁሉ የስልክ ሰልፍ ውስጥ ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ። እሱም ከ50 በላይ ፉርጎ ከኋላው አስከትሎ፣ የብዙ ነጋዴዎችን ገንዘብ በአንድ እጀታ ይዞ፣ ከባህር ጠለል ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጭነት ባቡር ነጂ ነው።

እንደሚታወቀው ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። አብዛኛው አሁንም በተሳቢ መኪና ይጓጓዛል። ይሁን እንጂ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ የምግብ ዘይትና ተሽከርካሪ በሐዲድ ይገባል፤ ቡናና የቅባት እህል በሐዲድ ይወጣል። በመኪና ከሁለት እስከ ሦስት ቀን የሚፈጀው መንገድ ባቡሩ ካልተደናቀፈ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ያልቃል። «ካልተደናቀፈ» የምትለዋ ቃል ግን ቀላል አይደለችም። የነጂው የሥራ ሕይወት ባመዛኙ ያለው እዚያች ቃል ውስጥ ነው።

አንድ የኮንቴይነር ባቡር ሲሞላ ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጭናል። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ሁለት ኮንቴይነር ያነሣል ብንል፣ ባቡሩ የ50 መኪና ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። የ50 መኪና ሥራ ማለት ደግሞ 50 ሾፌር፣ 50 ረዳት፣ 50 ጊዜ ነዳጅ፣ ከ50 በላይ የመንገድ ላይ ምሳና አልጋ ነው። በባቡሩ ጋቢና ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ነው። ነጂው ተሳስቶ የሚያጠፋው ነገር በዚያው ልክ ይበዛል፤ በደህና ሲያደርስ የሚያተርፈውም እንዲሁ።

ከመነሣቱ በፊት

ባቡር እንደ መኪና ቁልፍ ተጠምዝዞ የሚነሣ አይደለም። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ከተቀጣጠሉ በኋላ ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ የሚሄደው የንፋስ ቧንቧ መሞላት አለበት። የባቡር ፍሬን የሚሠራው በንፋስ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ይይዛል። አሠራሩ ተገላቢጦሽ የመሰለው በብልሃት ነው፤ በመንገድ ላይ አንድ ፉርጎ ቢበጠስ ቧንቧው ተከፍቶ ንፋሱ ስለሚወጣ ሁሉም ፉርጎ በራሱ ይቆማል። ነጂው ይህን ሳይፈትሽ አይንቀሳቀስም። ቧንቧው እስኪሞላ፣ ፍሬኑ በመጨረሻው ፉርጎ ላይ መያዙና መልቀቁ እስኪረጋገጥ፣ የጭነቱ ዝርዝርና ክብደቱ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ነጋዴው «ባቡሩ ተጭኖ አልቋል፣ ለምን አይነሣም?» የሚልበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ከተነሣ በኋላ ትልቁ ጥበብ ርዝመቱን መያዝ ነው። በፉርጎና በፉርጎ መካከል ያለው መያዣ ትንሽ ትንሽ ክፍተት አለው። ከ50 በላይ ፉርጎ ሲሆን ያ ትንሽ ክፍተት ተደምሮ ብዙ ሜትር ይሆናል። ነጂው ኃይል በድንገት ከጨመረ ፉርጎዎቹ ተራ በተራ እየተጎተቱ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራፍ ይመታሉ፤ በድንገት ፍሬን ከያዘ ደግሞ ከኋላ ያለው ከፊት ባለው ላይ ይወጣል። መያዣ ይሰበራል፣ በኮንቴይነር ውስጥ በደንብ ያልታሰረ ዕቃ ይፈርሳል። «ዕቃዬ ተሰብሮ ደረሰ» የሚለው ነጋዴ ጥፋቱን ወደብ ላይ ባለው ክሬን ላይ ብቻ ማላከክ የለበትም፤ አንዳንዴ ነገሩ ያለው በነጂው እጅና ዕቃው ሲታሸግ በነበረው ጥንቃቄ መካከል ነው።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው ልዩነት ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ራሱ የነጂውን ሥራ ያከብደዋል። ከውጭ የምናስገባው ወደ ውጭ ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ባቡሩ ሽቅብ የሚወጣው ተሞልቶ፣ ቁልቁል የሚወርደው ብዙ ባዶ ፉርጎ ይዞ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ቢመርጥልን ተቃራኒውን ይመርጥልን ነበር። ባዶ ፉርጎ ለነጂው ቀላል መስሎ ቢታይም ለኩባንያው ኪሳራ ነው፤ መብራቱን፣ ሐዲዱንና የነጂውን ደመወዝ ይበላል፣ ገንዘብ ግን አያመጣም።

የኤሌክትሪክ ባቡር በቁልቁለት ላይ አንድ ጥቅም አለው። ነጂው ሞተሩን ወደ ማመንጫነት ሊለውጠው ይችላል፤ የባቡሩ ክብደት ራሱ መብራት እያመነጨ ፍጥነቱን ይይዛል። ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ነጂ ጎማውን ያግላል፣ የፍሬን ሸራውን ይጨርሳል፣ ከዚያም በሚያስፈልገው ሰዓት ንፋስ ሊያጥረው ይችላል። በሞተሩ ይዞ የሚወርደው ግን መለዋወጫ ይቆጥባል። መለዋወጫው በዶላር የሚገዛ ነውና የነጂው እጅ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው።

ሌላም ነገር አለ። መስመሩ የሚሠራው በ25 ሺህ ቮልት ነው። ኃይሉ ከተለያዩ ጣቢያዎች ስለሚመጣ የአንዱ ድርሻ አልቆ የሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሽቦው ለጥቂት ሜትር ኃይል የሌለው ይሆናል። ነጂው እዚያ ሳይደርስ ኃይሉን አጥፍቶ፣ በነበረው ፍጥነት ተንሸራቶ አልፎ፣ እንደገና ማብራት አለበት። በሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ፣ ከባድ ጭነት ይዞ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ከሆነ ግን ባቡሩ እዚያው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ነጂው ቦታዎቹን በቃሉ ያውቃል፤ ሳይደርስባቸው ፍጥነት ይሰበስባል።

እንጦጦ የጀመረው ጉዳይ

ባቡሩ ወደ እንጦጦ አልወጣም፣ አይወጣምም። ከራጉኤል ደጃፍ ቁልቁል የሚያይ ሰው ከተማው በሙሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ሐዲዱ ያለው በወዲያኛው ጫፍ፣ በደቡብ በኩል ነው፤ ሰበታ፣ ፉሪ ለቡ፣ እንዶዴ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ የሰሜን ጫፉ የተሠራው ምኒልክ አደባባይ ሥር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የተጀመረው በዚህ በኩል ባሉት ሰዎች ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ከወረዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር እንዲሠራ ለ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡት። ከእሱ ጋር ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ነበረበት። ኢልግ ማለት ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ ወርዶ ቤተ መንግሥት እንዲገባ ያደረገው ሰው ነው። ውኃውን ቁልቁል ማውረድ ለእሱ ቀላል ነበር፤ ባቡሩን ሽቅብ ማውጣት ግን ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ባቡሩ ከሥሯ አለፈ፤ የሐረር ንግድም እግሩን ተከትሎ ወረደና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተፈጠረች። የዘይላ ወደብም ገበያውን ለጅቡቲ አስረከበ። ሐዲድ ነጋዴን እንዴት እንደሚያፈናቅልና እንዴት እንደሚያቋቁም ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ ጨረሰ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ አላዩትም፤ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ዛሬም «ለገሃር» የምንለው ጣቢያ፣ ስሙን ከፈረንሳይኛ የወሰደው ሕንፃ፣ በ1922 ዓ.ም. ተጠናቀቀ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባቡር ነጂነት ድሬዳዋ ላይ የአባትና የልጅ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ሠራተኛው የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከእሱ ጋር ይቀላቀላል። «ፉርጎ» የምንለው ቃል ራሱ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ሲነሣም የምድር ባቡር ሠራተኞች ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይጠቀሳሉ። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው ያ ጠባብ ሐዲድ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው፣ ኩርባውና ዳገቱ የበዛ ነበር። መተሃራ አጠገብ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መስመሩን ያስቸግር ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ተሰብረው መስመሩ ለወራት ተዘጋ፤ በዚያን ጊዜ ጭነቱ ወደ አሰብ መንገድ ዞሮ የመኪና ባለንብረቶች ሲጠናከሩ ባቡሩ የነበረውን ገበያ መልሶ ሙሉ በሙሉ አላገኘውም።

በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ላይ የደረሰው ሆነ። ሰው የጫነ ባቡር ከድልድይ አጠገብ ባለ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ይባላል። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ተብሎ ነጂው ታሰረ። ስለ ባቡር ነጂነት ሲወራ ይህን መዝለል አይቻልም። መኪና ነጂ ስህተቱን በመሪው ሊያርም ይሞክራል፤ ባቡር ነጂ መሪ የለውም። ያለው ፍጥነት ብቻ ነው፤ እሱንም መቀነስ ያለበት ኩርባውን ሲያይ ሳይሆን ገና ሳያየው ነው።

የድሮው መስመር በጥገና እጦት እየተዳከመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ አገሪቱ ለረጅም ዓመታት የረጅም ርቀት ጭነት ባቡር ነጂ አላፈራችም። ለሐዲዱ ብድር ተገኘለት፤ ለዚህ ክፍተት ግን ብድር አልተገኘለትም።

ሙያው በቻይንኛ ተመለሰ

አዲሱን መስመር የሠሩት ሁለት የቻይና መንግሥት ኩባንያዎች ናቸው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ሌላው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው። በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በጅቡቲ በኩል ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአክሲዮኑ ሦስት አራተኛ የኢትዮጵያ፣ አንድ አራተኛው የጅቡቲ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንደተራዘመ አይዘነጋም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ባቡሩን ያስኬዱት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ነጂውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ጠጋኙም ባብዛኛው ቻይናዊ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ወጣቶች ከጎናቸው ተቀምጠው ተማሩ፤ ቻይና ሄደው የሠለጠኑም አሉ። የስድስት ዓመቱ የማስተዳደር ውል አብቅቶ ሥራው በ2016 ዓ.ም. ወደ አክሲዮን ማኅበሩ ሲዞር፣ የእነዚህ ወጣቶች ጉዳይ የወሬ ጉዳይ መሆኑ ቀረና የገበያ ጉዳይ ሆነ።

ምክንያቱም የሙያው ዋጋ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሎኮሞቲቭ መንዳት በጥቂት ወራት ሊለመድ ይችላል። መንገዱን ማወቅ ግን ሌላ ነው። የትኛው ኩርባ ላይ ምሽት ግመል ይተኛል፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ በዝናብ ጊዜ ጎማ ይንሸራተታል፣ የትኛው ጣቢያ ላይ የሚመጣውን ባቡር ለማሳለፍ ብዙ ያስጠብቃሉ፤ ይህ ሁሉ የሚገኘው በመመላለስ ነው። ሠልጥኖ፣ መንገዱን ለምዶ፣ ከዚያ በተሻለ ደመወዝ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ነጂ ይዞት የሚሄደው ነገር በመጋዘን ውስጥ ተተኪ የለውም። ኩባንያው ሎኮሞቲቩን በዋስትና አስይዟል እንበል፤ ነጂውን ግን ማስያዝ አይችልም።

የነጠላ ሐዲድ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከአዳማ ወዲያ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ በጣቢያ የጎን ሐዲድ ላይ ገብቶ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ የአንዱ ነጂ መዘግየት የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሽቅብ የሚመጣው ሚኤሶ አካባቢ ቢቆም፣ ቁልቁል የሚወርደው መተሃራ ወይም አዋሽ ላይ ይገተራል፤ ከእሱ ኋላ ያለውም እንዲሁ። ወደቡ ላይ ፉርጎ ይጠበቃል፣ ፉርጎው ግን በረሃ ላይ ቆሟል። ነጋዴው የሚሰማው «ፉርጎ የለም» የሚል መልስ ብቻ ነው።

ከብት፣ ካሳና አንድ ኪሎ ሜትር

ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በጋዜጦች በተደጋጋሚ ከተዘገቡት ችግሮች አንዱ የከብት ነው። መስመሩ የሚያልፈው ከአዋሽ ወዲያ ባመዛኙ በአርብቶ አደር አገር ነው። ግመል፣ ላምና ፍየል ወደ ውኃ ይሄዳሉ፤ ሐዲዱ በመካከል አለ። መሻገሪያ ተሠርቷል፤ ግመል ግን ምልክት አያነብም።

ሙሉ ጭነት ይዞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይበላል። በሌሊት የፊት መብራቱ ያን ያህል ርቀት አያሳይም። ነጂው ግመሏን ሲያያት ማድረግ የሚችለው ጥሩምባ መንፋትና ፍሬን መያዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ አይደለም። ከመታ በኋላ ይቆማል፣ ለተቆጣጣሪው በሬዲዮ ያሳውቃል። የከብቱ ባለቤት ይመጣል፣ ዘመዱም ይመጣል። ካሳው እስኪስማማ ባቡሩ እንዲቆም የተደረገበት ጊዜ አለ። ሽማግሌ ይጠራል፣ የከብቱ ዕድሜና ዋጋ ይነገራል፣ የዕርግዝናዋም ነገር ይነሣል።

ለአርብቶ አደሩ አንዲት ግመል የባንክ ሒሳቡ ናት፤ መቆጣቱ አያስገርምም። ለነጂው ደግሞ ያላጠፋው ጥፋት ነው፤ ቋንቋውን ላያውቅ ይችላል፤ ከጋቢናው ወርዶ ቢነጋገር ሎኮሞቲቩን ጥሎ መሄድ ነው፣ ባይወርድ ደግሞ እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ካሳው ከእሱ ኪስ ባይወጣም ሰዓቱ ከእሱ ዕረፍት ይወጣል።

ለነጋዴው ሰዓቱ ስንት እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 5 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዕቃ ቢያስመጣ፣ ዕቃው በመንገድ በቆየ ቁጥር በቀን 2,465 ብር ገደማ ወለድ ይቆጥርበታል። በአንድ ባቡር ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ያላቸው 50 ነጋዴዎች አሉ ቢባል በቀን ከ123 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። አምስት ሰዓት ብቻ ቢቆም ከ25 ሺህ ብር በላይ ወለድ በረሃ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ያመለጠውን ገበያ፣ የበዓል ሰሞን ዋጋና የወደቡን የመዘግየት ክፍያ ሳይጨምር ነው። ከዚህ ሒሳብ አንጻር ጥሩ አጥር፣ በቂ የከብት መሻገሪያና በቦታው ቋንቋ የሚናገር አስማሚ ውድ አይደሉም።

ከከብት ሌላ የመብራት መቋረጥ አለ፣ የሽቦና የሐዲድ ማሰሪያ ስርቆት አለ፣ ጎርፍ አለ። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ50 ፉርጎ ጋር የቆመ ብረት ነው። ነጂው ፍሬኑን አስሮ ይጠብቃል። ከአዋሽ ወዲያ ባለው ቆላ፣ ማቀዝቀዣው በጠፋ ጋቢና ውስጥ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ድሬዳዋን በግንቦት የሚያውቅ ነጋዴ ሊገምት ይችላል።

የሆላንዱ ነጂና የእኛው

አበባችንን የምንሸጥላት ሆላንድ በጭነት ባቡርም የሚጠና አገር ናት። ከሮተርዳም ወደብ እስከ ጀርመን ጠረፍ ለጭነት ብቻ ተብሎ የተሠራ 160 ኪሎ ሜትር መስመር አላት፤ ቤቱወ ይባላል፣ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። የሚገርመው ይህ መስመር እንደ እኛው በ25 ሺህ ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ የቀረው የሆላንድ ሐዲድ በአብዛኛው በ1,500 ቮልት ነው። ስለዚህ የሆላንድ ጭነት ነጂ በአንድ ጉዞ ከአንዱ ኃይል ወደ ሌላው የሚቀየር ሎኮሞቲቭ ይነዳል።

ዳገት አያውቅም፤ አገሩ ሜዳ ነው፣ ሩብ ያህሉም ከባህር ጠለል በታች ነው። ግመልም አያሳስበውም። የእሱ ፈተና የሰው ባቡር ብዛት ነው፤ ከጭነት መስመሩ ሲወጣ በደቂቃዎች ልዩነት ከሚመላለሱ የመንገደኛ ባቡሮች መካከል ክፍተት እስኪሰጠው ይጠብቃል። ጀርመን ለመግባት ደግሞ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከተቆጣጣሪው ጋር በችግር ጊዜ የማይግባባ ነጂ ጠረፍ እንዲሻገር አይፈቀድለትም። በዚያ አገር የጭነት ባቡር ሥራ በአንድ ኩባንያ እጅ ስላልሆነ፣ ነጂው ደመወዝ ሲያንሰው መንገዱን ሳይለቅ አሠሪውን ይለውጣል። የእኛው ነጂ ያንን ዕድል አያገኝም፤ መስመሩም አንድ፣ አሠሪውም አንድ ነው።

የቋንቋው ነገር ግን ለእኛም የሚሠራ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባ ነጂ በአማርኛ ተነሥቶ፣ መሣሪያው ላይ ቻይንኛና እንግሊዝኛ አንብቦ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ሶማሊኛ በሚናገር አገር አልፎ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ በሚጻፍበት አገር ይቆማል። ለዚህ ሁሉ የተለየ ፈተና የለውም፤ የሚፈተነው ግመል ከመታ በኋላ ነው።

የሥራ ሰዓቱን በተመለከተ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ችግሩ ባቡሩ በ8ኛው ሰዓት በረሃ ላይ መሆኑ ነው። ወርዶ ቤቱ ሊሄድ አይችልም፤ የሚተካው ሰው እስኪመጣ ወይም ነጂ ወደሚቀያየርበት ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ለዚህም ነው በጋቢናው ውስጥ ነጂው ንቁ መሆኑን በየጊዜው የሚጠይቅ መሣሪያ የሚደረገው፤ ነጂው ካልመለሰለት ባቡሩን በራሱ ያቆማል። መሣሪያው እንቅልፍን ይይዛል፤ ድካምን ግን አያስቀርም። የነጂ ቁጥር ከባቡር ቁጥር ካነሰ ዕረፍቱ ይቆረሳል፣ ዕረፍቱ ከተቆረሰ የአዋሽ ኩርባ ይታወሳል።

ዶላሩና የመጨረሻው መንገድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። የባቡሩ ብድር በዶላር ነው። የፍሬን ሸራው፣ የሽቦው መያዣ፣ የሎኮሞቲቩ ዕቃ ሁሉ በዶላር ነው። ነጂው የሚከፈለው ግን በብር ነው። በዚህም የተነሣ የኩባንያው ሒሳብ ሹም አንድን የነጂ ደመወዝ ከአንድ መለዋወጫ ጋር ቢያስተያይ ነጂው ከድሮው ይልቅ ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን አይቶ ደመወዙን እንዳለ የሚተወው ሰው ዕቃ ቆጣቢውን ነጂ የሚያጣው ራሱ ነው።

የወጪ ንግድ ነጋዴዎች በዚህ ላይ ሊጠቀሙ የሚችሉበት ነገር አለ። ቁልቁል የሚወርደው ባዶ ፉርጎ ለቡና፣ ለሰሊጥ፣ ለቦሎቄ ላኪ የመደራደሪያ ኃይል ነው። ባዶ ከሚሄድ በመጠነኛ ዋጋ ቢጫን ለኩባንያው ይሻለዋል። ላኪው ግን ሰዓት ማክበር አለበት፤ ባቡር እንደ መኪና «ትንሽ ጠብቀኝ» አይባልም። ኮንቴይነሩ ባቡሩ ከመቀጣጠሉ በፊት ሞጆ ወይም እንዶዴ ተሞልቶ፣ ታሽጎ፣ ተመዝኖ መድረስ አለበት። ክብደቱን አሳንሶ ማስመዝገብም የድሮ ልማድ ነው፤ በመኪና ላይ ሚዛን ጣቢያ ላይ ያጋጫል፣ በባቡር ላይ ግን ነጂው ለቁልቁለቱ የሚያሰላውን የፍሬን ልክ ያሳስተዋል።

ገቢው ዕቃ ደግሞ እንዶዴ ሲደርስ የባቡሩ ሥራ ያልቃል፣ የመኪናው ይጀምራል። ከባድ መኪና በቀን እንደ ልቡ በማይገባበት ከተማ ውስጥ፣ ከደቡብ ጫፍ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚደረገው ጉዞ ከጅቡቲ እስከ አዳማ ካለው የበለጠ ሰዓት የሚወስድበት ጊዜ አለ። በሌሊት በአይሱዙ ተከፋፍሎ ይገባል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ ራጉኤል ዳገቱ ሲጠና ሸቀጡ በሚኒባስ ጣሪያና በአህያ ጀርባ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ላይ ከላይ ወደ ታች እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙታል። የኮንቴይነሩ ዋጋ ከወደብ እስከ እንዶዴ በአንድ ደረሰኝ ይታወቃል። ከእንዶዴ እስከ ሱቁ ያለው ግን የመኪና ኪራይ፣ የደላላ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የአህያ ባለቤት ተብሎ በየእጁ ይከፈላል፤ ነጋዴው በሸቀጡ ላይ ዋጋ ሲለጥፍ መጨረሻ ላይ የሚደምረውም ይህንኑ ነው።